እናቴ መሞቷን ስንት ጊዜ ልንገራችሁ?

ለጡረታና ለማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

የመሥሪያ ቤቱንም የእርስዎንም ስም ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የማወራው ስለ አሠራሩ ነው፤ የአንድን ሰው ጥፋት ለመቁጠር አይደለም።

እናቴ ባረፈች በሦስተኛው ቀን ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፣ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ባለመብቷን ላነጋግር?" ብላ ነው። ሞታለች አልኳት። እንግዲያው በአካል ይምጡ አለችኝ። ሄድኩ። የመጀመሪያው መስኮት የሞት ምስክር ወረቀቱን ኦሪጅናል አይቶ ኮፒውን አስቀረና ወደ ሁለተኛው ላከኝ፣ ሁለተኛው ኦሪጅናሉን እንደገና ጠየቀኝ፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ፋይሉ ገና አልደረሰም ተብሎ ቀኑንም ምክንያቱንም ከሀ ጀምሬ ተናገርኩ። በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ "እናቴ ሞታለች" አልኩ። ለራሴ እንኳ ገና ደፍሬ ያላልኩት ቃል ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ በወሩ መጨረሻ አበሏ ባንክ ገባ። አልነካነውም። ቆይቶ ደብዳቤ መጣ፤ ፖስታው ላይ የእናቴ ስም አለ፣ ውስጡ "ያለአግባብ የተቀበሉትን ገንዘብ ይመልሱ" ይላል። አባቴ ነው የከፈተው። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ለምን እንደምትጠነቀቁ ይገባኛል። ሞት ካልተነገረ ክፍያው ይቀጥላል፣ ገንዘቡ ደግሞ የሕዝብ ነው። በሕይወት እያለ በስህተት ሞተ ተብሎ የተመዘገበ ሰውም አበሉ ተቋርጦ መኖሩን ለማስረዳት ይንከራተታል። ስለዚህ ማስረጃ ጠይቁ። ግን አንዴ ጠይቁ።

ደግሞ ይቻላል። በብሪታንያ "አንዴ ንገሩን" የሚባል አገልግሎት አለ። ሞቱን ያስመዘገበው ሰው ከመዝጋቢው ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዚያ ቁጥር በኢንተርኔት ወይም በስልክ አንድ ጊዜ ሲያሳውቅ ወሬው ለጡረታው፣ ለግብሩ፣ ለፓስፖርቱና ለመንጃ ፈቃዱ መሥሪያ ቤት ይደርሳል። በአሜሪካ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለማኅበራዊ ዋስትናው የሚያሳውቀው ቀብሩን የሚያስፈጽመው ድርጅት ነው፣ ቤተሰቡ የሟችን የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ከሰጠ ይበቃል።

ሌላው ነገር አበሉ የሚቆምበት ቀን ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ለምሳሌ ሰው በወሩ የመጨረሻ ቀን ቢሞት እንኳ የዚያ ወር አበል አይከፈልም፤ የአንድ ወር አበል የሚገባው በሚቀጥለው ወር ስለሆነ ከሞተበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር የገባው ገንዘብ ይመለሳል። ይህን ሐዘን ላይ ያለ ሰው ከየት ያውቃል? ገብቷል ብሎ ለቀብር ያወጣዋል፣ ከዚያ ባለዕዳ ይሆናል። የእናንተ ሕግ ምን እንደሚል በመጀመሪያው ስልክ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩን፤ የማስመለሻውን ደብዳቤም እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ሐዘንተኛ ጻፉልን።

በጣም ያንገበገበኝ ግን ይኼ ነው፦ ስለሚቆመው ገንዘብ የነገሩኝ ሠራተኞች አንዳቸውም ስለሚቀጥለው አልነገሩኝም። አባቴ የተተኪ አበል፣ ማለትም ሟች ለተዋቸው ቤተሰቦች የሚከፈለውን፣ መጠየቅ እንደሚችል የሰማነው ከጎረቤት ነው። ይህ አበል በብዙ ቦታ ማመልከቻ ይፈልጋል፣ በራሱ አይጀምርም፤ የዘገየ ሰው ደግሞ ያለፉትን ወራት ሊያጣ ይችላል። ሞቱን የሚመዘግበው ሠራተኛ ባል ወይም ሚስት፣ ትንንሽ ልጆች አሉ ወይ ብሎ ጠይቆ ቅጹን እዚያው ይስጥ።

ይህን የምታነቡ፣ እናንተም ሰው የሞተባችሁ ካላችሁ፦ ሳትዘገዩ አሳውቁ፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ፣ የምስክር ወረቀቱን ትርፍ ቅጂ አውጡ፣ ከሞቱ በኋላ የገባውን ገንዘብ እስኪጣራ አትንኩት።

ክቡር ኃላፊ፣ ገንዘቡን መልሰናል፤ ደረሰኙም እጄ ላይ ነው። ከዚያ በኋላም ግን ሁለት ፖስታ በእናቴ ስም መጥቷል፣ አባቴ እንዳያያቸው ደብቄያቸዋለሁ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ የምትሰጡኝ ከሆነ እባካችሁ በእኔ ስም ላኩት።