ጀሪካኔን መልሱልኝ፦ ለመናፈሻው ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሁለቱን መዝገብ ቤት «የሉም» አለኝ። ሦስተኛው ላይ ማህተም አርፎበት «ይታይ» ተብሏል። እስካሁን ያየው ሰው የለም። እንግዲህ ሕዝብ ይየው።

ከወር በፊት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 20 ሊትር ውሃ በጀሪካን ይዤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለችው የጽጌረዳ መናፈሻ ሄድኩ። የድሬን ፀሐይ መቼም ያውቁታል። ጽጌረዳ አፈሩ ሳይግል ሥሩን ካላራሱለት አይችለውም። ግማሹን መደብ እንዳጠጣሁ ጥበቃው መጣ። «አባባ፣ ያለ ፈቃድ ማጠጣት ክልክል ነው ተብለናል» አለኝ። ልጁ አፍሮ ነበር። ጀሪካኑን ወስዶ ለቢሮዎ አስረከበ። ኧረ አቦ! ሰው ውሃ ሰርቆ ይያዛል፤ እኔ አጠጥቼ ተያዝኩ።

በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሃያ እርምጃ ርቆ መኪና ይታጠብ ነበር። የመናፈሻው ቧንቧ ወደ ላቫጆው ዞሯል። እሱ ፈቃድ አለው፤ ሰጪው የእርስዎ ቢሮ ነው።

ላቫጆው የቆመበትን ቦታ ላስታውስዎ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲመጣ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት አልሆነለትም። ሜዳው ላይ ቆመ፤ ድሬም ተቆረቆረች። ፈረንሳዮቹ ከዚራን በማስመሪያ ያሰመሯት ነው የምትመስለው፦ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ዛፍ፣ መገናኛው ላይ አደባባይ። መናፈሻዋም የከዚራ ልጅ ናት። መሃሏ ክብ ገንዳ፣ ከገንዳው የሚወጡ አራት መንገዶች፣ በመንገዶቹ መካከል አራት መደቦች። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቀዩን መደብ ከባልደረቦቹ ጋር የተከለው እሱ ነው። ቅርንጫፉን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ከሐረር በጭነት መኪና አወረደው። ሐረር ነፋሻ፣ ድሬ ቆላ፤ ብዙው ደረቀ። በምዕራብ በኩል ኒም ተከሉለት። ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ከሰዓት ጥላ። የተረፈው በዚያ ዘዴ ነው የተረፈው።

ኒሙ የላቫጆውን ታፔላ ጋረደ ተብሎ ተቆረጠ። ቀዩ መደብ ዛሬ ሲሚንቶ ነው። እኔ ሳጠጣ የተያዝኩት ነጩን ነው፤ ከአራቱ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ሀገራችን ጽጌረዳ በአውሮፕላን እየጫነች ለአውሮፓ ትሸጣለች። እናንተ ደግሞ በሩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ሰቀላችሁ። አቧራው በየሳምንቱ በቱቦ ይታጠብለታል። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሲሚንቶውን ማን እንዳዘዘ በጽሑፍ ይመለስልኝ። ቧንቧውም ወደ መደቡ ይመለስ።

ጀሪካኑ ቢጫ ነው። ክዳኑ ሰማያዊ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ። መፈለግ አያስቸግርም። መዝገብ ቤቱ በር ኋላ ነው ያለው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ የመወልወያ ውሃ ትይዝበታለች።

የከዚራ ነዋሪ