የትም የማያደርሰው ደረጃ፦ የቅርስና ታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ተሰብስቧል። ሥራ አስፈጻሚ መርጧል፣ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ጽሑፍ አቅርቧል፣ የካቲት 12ን በሚኒ ሚዲያ አስቧል። ዝርዝሩ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። እኔ መጻፍ የምፈልገው ስለ ስድስት ኪሎው ጉዟችን ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ከቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ እየተጠመዘዘ ሽቅብ የሚወጣ ደረጃ አለ። ጫፉ ላይ በር የለም፣ ቤት የለም። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ መርገጫ ሰጡት። ነፃነት ሲመለስ ግን አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረውም እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው።

ልጆቹ ይህን ክፍል ውስጥ ተምረውታል። ደረጃው ሥር ሲቆሙ ግን ሌላ ሆነባቸው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ በንዴት፣ «ለምን አላፈረሱትም?» አለ። ብዙዎቹ ደገፉት። መልስ ልሰጥ ስል፣ ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ቀደመችኝ። አንገቷን ቀና አድርጋ አንበሳውን እያየች፣ «ቢያፈርሱት አንበሳው ምን ላይ ይቆም ነበር?» አለች።

ሁሉም ጸጥ አሉ። እኔም እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም። ቆየት ብዬ ስዞር ያ የተናደደው ልጅ ሲሚንቶውን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ «1915፣ 1916፣ 1917…» እያለ እጁ እስከሚደርስበት ድረስ ይቆጥር ነበር።

«ይሄ ክበብ ሽርሽር ያበዛል» ሲባል ሰምቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ የወጣነው አንድ ቀን ነው፤ እሱም ቅዳሜ። የማንንም ክፍለ ጊዜ አልነካንም።

ያልተሳካም አለ። የእንጦጦው ጉዞ ቀርቷል። የፎቶ ኤግዚቢሽኑም ማሳተሚያ አጥቶ እኔ ስልክ ውስጥ ቀርቷል። ለስፖርት ክበብ ማልያ ሲገዛ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ለእኛ ግን አንድ ደርዘን ደብተር እንኳ አልተገኘም። የሚኒባሱን ኪራይ ያዋጡት ወላጆች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። መኪናው ስላልበቃ ግን ከአባላቱ ግማሾቹ ቀርተዋል። እነሱ ዛሬም ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ፣ «ቲቸር፣ የኛስ ተራ መቼ ነው?» ይሉኛል። ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) የመስከረሙን በጀት ሲደለድል የአንድ ሚኒባስ ኪራይ ይያዝልን። የቀሩት ልጆች ስም ዝርዝር እጄ ላይ ነው።