ስለ ሸራ ጀልባ ሻምፒዮኑ ጻፉልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ባለፈው ኦሊምፒክ ሰሞን የስፖርት ዓምዳችሁ የሸራ ጀልባ ውድድርን «የባሕር በር የሌላትን አገራችንን የማይመለከት» ብሎ በአንድ መስመር አልፎት ነበር። እዚህ አዘዞ ካለው የእንጨት ሥራ ቤቴ ሆኜ ሳነበው ቅር አለኝ፤ ቅሬታው እስከ ዛሬም አልወጣልኝም። ትውልዴ ጎርጎራ ነው። አባቴ ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ዓሣ እያጠመደ ነው ያሳደገን። ውኃና ነፋስ የሌላ ሕዝብ ጉዳይ ነው ሲባል ዝም ማለት አይሆንልኝም።

እባካችሁ ስለ ፖል ኤልቭስትሮም አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ። ዴንማርካዊ ነው፤ በ1928 ተወልዶ በ2016 አረፈ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከ1948 እስከ 1960 በተካሄዱት አራት ኦሊምፒኮች፣ ብቻውን በሚነዳት ትንሽ ጀልባ፣ አራት የወርቅ ሜዳሊያ ተከታትሎ ወሰደ። በግል ውድድር ይህን ያደረገ ከእርሱ በፊት አልነበረም። የመጀመሪያውን ሲያገኝ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ያን ጊዜ የመክፈቻውን ዙር አቋርጦ ወጥቶ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች በአንደኝነት ጨርሶ ነው ወርቁን የወሰደው።

ሦስተኛውን ወርቅ ያገኘበት የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ የእኛ አገር ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፉበት ነው። አራተኛውን ያገኘው በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ሲሆን፣ የጀልባው ውድድር የተካሄደው ኔፕልስ ላይ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ። የአበበን ድል ሕፃን ሽማግሌው በቃሉ ያውቀዋል። በዚያው ኦሊምፒክ አራተኛ ወርቁን ስላጠለቀው ሰው ግን አንድም ቀን በአማርኛ ጋዜጣ አላነበብኩም።

እንደ አናጢነቴ ከሁሉ የሚደንቀኝ ለልምምድ የሠራው አግዳሚ ነው። ነፋስ ሸራውን ሲገፋው ትንሿ ጀልባ ወደ አንድ ጎን ትጋደማለች። ነጂው እግሩን ጀልባዋ ውስጥ በተወጠረ ጠፍር ሥር አስገብቶ፣ ጭኑን ጠርዟ ላይ አሳርፎ፣ ወገቡንና ትከሻውን ከጀልባዋ ውጭ ውኃው ላይ በመዘርጋት በክብደቱ ያቃናታል። እንዲህ ተወጥሮ ረጅም ጊዜ የቆየ ነጂ ጀልባውን ቀጥ አድርጎ ይሄዳል፤ ጀልባ ሲጋደም ፍጥነቱን ያጣልና። ኤልቭስትሮም ይህን ለመለማመድ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ሠራ፤ ባሕር በማይወጣበት ጊዜም እዚያ ላይ ተዘርግቶ ሆዱንና ጭኑን ያጠነክር ነበር። ተፎካካሪዎቹ ሲደክሙ እርሱ የማይደክመው ለዚህ ነው።

እኔም በባሕር ዛፍ አውራጅ አንድ ሠርቼ ግቢዬ ውስጥ አቁሜአለሁ። ከፍታው እስከ ጉልበት ነው፤ ጠርዙን እንዳይቆርጥ አድርጌ በመላጊያ አድቦልቡዬዋለሁ፤ ጠፍሩ የበሬ ቆዳ ነው። ጉልበተኛ የሚባሉት የሠፈራችን ወጣቶች ይሞክሩታል። ጀበናው ሳይፈላ ጭናቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከሁሉ የምትቆየው ልጄ ናት፤ አብራኝ እንጨት ስለምትልግ ይሆናል።

ሰውየው እጁም ብልህ ነበር። ጀልባ ውስጥ የገባውን ውኃ ጀልባዋ ራሷ በፍጥነቷ እየሳበች የምታወጣበትን፣ ወለሏ ላይ የሚገጠም ትንሽ የብረት መክፈቻ የሠራው እርሱ ነው። እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የራሱን የሸራ ፋብሪካም አቋቁሟል። እንዲህም ሆኖ ከውድድር በፊት ጭንቀት ክፉኛ ይጥለው ነበር፤ ኔፕልስ ላይ ወርቁን አስቀድሞ ስላረጋገጠ የመጨረሻውን ዙር ሳይሰለፍ ቀርቷል። ያም ሆኖ በ1984 የ56 ዓመት ሰው ሆኖ ከልጁ ከትሪኔ ጋር ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ሁለት ሰው በሚነዳው ቶርናዶ በተባለ ጀልባ ተሰልፎ አራተኛ ወጣ። በ1988 ሴኡል ላይ በ60 ዓመቱ እንደገና ተመለሱ፤ ስምንተኛ ኦሊምፒኩ ነበር።

አሁን ወደ «የባሕር በር» እንምጣ። ኦስትሪያ የባሕር በር የላትም። ሮማን ሃጋራና ሃንስ ፔተር ሽታይናኸር ግን በ2000 እና በ2004 ኦሊምፒኮች በሸራ ጀልባ ለኦስትሪያ ወርቅ አምጥተዋል፤ በ2024ም ላራ ፋድላውና ሉካስ ሜር ደግመውታል። ስዊዘርላንድም የባሕር በር የላትም፤ አሊንጊ የተባለው ቡድኗ ግን በ2003 የአሜሪካን ካፕ የተባለውን ታላቅ የሸራ ጀልባ ውድድር አሸንፏል። እነዚህ ሰዎች ሐይቅ ነው ያላቸው። ጣና ደግሞ ከጄኔቫ ሐይቅ በአምስት እጥፍ ግድም ይሰፋል።

ነፋሱስ? ጎርጎራ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ጣና ጠዋት ረጋ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ ዓሣ አጥማጁ ማዕበሉ ሳይመጣ ወደ ዳር ለመድረስ ይቸኩላል። እርሱ የሚሸሸው ያ ነፋስ ለሸራ ጀልባ የሚፈለገው ነፋስ ነው። እንቅፋት የለም አልልም። እምቦጩ በደምቢያ በኩል ዳሩን ይዞታል። ጥምቀት ሲደርስ ከፋሲለደስ መዋኛ ዘለው ከሚገቡት ልጆች መካከልም ዋና በሥርዓት የተማረው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሸራ ከመስቀላቸው በፊት ዋና መማርና ተንሳፋፊ ጃኬት መልበስ የግድ ነው።

ጀልባው ግን የምንፈራውን ያህል ከባድ ነገር አይደለም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ልጆች የሚማሩባት ኦፕቲሚስት የተባለችው ጀልባ በ1947 ፍሎሪዳ ውስጥ ክላርክ ሚልስ የነደፋት ናት። ርዝመቷ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲነድፋት አባቶች ቤታቸው ውስጥ ከሁለት ሉክ ኮምፔርሳቶ እንዲሠሯት ብሎ ነው። ሁለት ሉክ ኮምፔርሳቶ እኔም ቤት አለ።

ስለዚህ ከገጹ ሌላ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያዋን ጀልባ ያለ ጉልበት ዋጋ እሠራለሁ፤ ጎርጎራ ድረስም በራሴ ወጪ አደርሳለሁ። የቸገረኝ ሸራው ነው። ጎንደር ገበያ ያለው የድንኳን ሸራ ለትንሽ ጀልባ ይከብዳል። ቀላልና ውኃ የማይጠጣ ጨርቅ ከየት እንደሚገኝ፣ ሸራውንም እንዴት እንደሚቆርጡት የሚያውቅ አንባቢ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ይጻፍልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የእንጨት ሥራ ባለሙያ
ከአዘዞ፣ ጎንደር