ለዜና መጽሔት ፕሮግራም ስንመርጥ መጀመሪያ ማተሚያ ቤቱን እንጠይቅ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሐዋሳ ከተማ የሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በየሦስት ወሩ የሚያወጣትን ባለ ስምንት ገጽ ዜና መጽሔት ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ በሆነ ሰዓት ሳዘጋጅ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የሌሎች ማኅበራትና የትምህርት ቤት ክበባት አዘጋጆች ባገኙኝ ቁጥር «ለገጽ ቅንብር የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ይሉኛል። ብዙዎቹ ግን ይህን የሚጠይቁኝ ሥራውን በአንዱ ፕሮግራም አጋምሰው ከተቸገሩ በኋላ በመሆኑ፣ እኔም ብሆን በዚያው መንገድ የተጎዳሁ ስለሆንኩ፣ ያየሁትን ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈል ይህን ጽፌአለሁ።

የመጀመሪያዎቹን እትሞች ያዘጋጀነው በማይክሮሶፍት ወርድ ነበር። ወርድ ለደብዳቤና ለቃለ ጉባኤ የሚያህለው ባይኖርም፣ በገጹ ላይ ሁለት ፎቶግራፍ ካስገቡ በኋላ አንድ አንቀጽ ሲጨምሩ ሁሉም ነገር ከቦታው ይንሸራተታል። ከዚህ የባሰው የቀለሙ ጉዳይ ነው፤ ወርድ ቀለምን የሚያሰላው ለስክሪን በሚስማማው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ሲሆን፣ የኦፍሴት ማሽን የሚያትመው ግን በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ነው። በስክሪኑ ላይ ያበራ የነበረው የማኅበራችን አረንጓዴ ዓርማ በወረቀት ላይ የደረቀ ቅጠል መስሎ ወጣ። ቀጥሎ ለገጽ ቅንብር ወደተሠራው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም፣ ወደ ፐብሊሸር ዞርን፤ በእርግጥም ለጀማሪ የሚመች ነበር፤ ነገር ግን ያሠራነው ማተሚያ ቤት ፐብሊሸር ስላልነበረው ፋይሉን መክፈት አልቻለም። ማይክሮሶፍትም ፐብሊሸርን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2026 እንደሚያቋርጥ አስታውቋል፤ ስለዚህ ዛሬ በእርሱ መጀመር የድሮ ሥራን ነገ መክፈት እንዳይቻል ማድረግ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታይ የሚገባው ግን ፕሮግራሙና ፎንቱ (የፊደሎቹን መልክ የያዘው ፋይል) አማርኛን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የኮምፒዩተር ኮድ በሚሰጠው በዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ውስጥ የራሱን ቦታ ቢያገኝም፣ ከዚያ በፊት የተሠሩትና ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያሳረፉት ፎንቶች እስከ ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ አሉ። በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ይሆናል። ጽሑፍ አቅራቢዎቻችን በዩኒኮድ ብቻ እንዲጽፉ ካላስገደድን የትኛውም ፕሮግራም አያድነንም።

በዩኒኮድ ተጽፎም ቢሆን የሚያስቸግር ነገር አለ። ኒያላ የተሰኘው የማይክሮሶፍት ፎንት ደማቅ ዝርያ የለውም። ወርድ ግን ርዕሱን «አድምቅ» ሲሉት ፊደሉን በራሱ ጊዜ አወፍሮ ያሳያል፤ ኢንዲዛይንና ስክራይበስ የተባሉት የገጽ ቅንብር ፕሮግራሞች ይህን ስለማያደርጉ፣ ያ ደማቅ የነበረ ርዕስ ወደ እነርሱ ሲሻገር ቀጥኖ ይገኛል። ብዙ አዘጋጆች ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ ሲያላክኩ ሰምቻለሁ፤ ጉድለቱ ግን የፎንቱ ነው። በነጻ የሚገኙት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ደማቅ የተሟላ ዝርያ ስላላቸው እኛ ወደ እነርሱ ተዛውረናል።

የዓምድ ስፋትም እንዲሁ ነው። ኤ4 ገጽ ኅዳጉና የዓምዶቹ ክፍተት ተቀንሶ በሦስት ዓምድ ሲከፈል ለአንዱ የሚደርሰው ከ6 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን፣ «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚለውን የመሰሉ ረጃጅም ቃላት በዚያ ጠባብ ቦታ ግራና ቀኛቸው እኩል እንዲሆን ሲታዘዝ በቃላቱ መካከል በሬ የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። የጥንት ጸሐፊዎቻችን ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለዩ ስለነበር መስመሩ ሲሞላባቸው ቃሉን ከመካከሉ ቆርጠው ወደ ቀጣዩ መስመር ያወርዱት ነበር፤ እኛ ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ስለተካነው ያ ነጻነት ቀርቶብናል። ስለዚህ ሁለት ዓምድ፣ ወይም ቀኙ ያልተስተካከለ አደራደር እመርጣለሁ። (ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ የመተው ልማድም ይቅር፤ ነጥቡ ብቻውን ወርዶ የመስመር መጀመሪያ ሲሆን ያሳፍራል።)

ከፕሮግራሞቹ መካከል ኢንዲዛይን አንቀጹን በሙሉ መዝኖ መስመሮቹን ስለሚከፋፍል በዚህ ረገድ ይበልጣል። ሆኖም የኢንዲዛይን አምራች የሆነው አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዲሶቹን እትሞች የሚያቀርበው በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ሲሆን፣ ይህን በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል የሚችል ትንሽ ማኅበር አላውቅም። ፈቃድ የሌለውን ቅጂ መጠቀም ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በአዲሱ እትም የተቀመጠ ፋይልም አይዲኤምኤል ወደሚባለው ቅርጽ ካልተለወጠ በአሮጌው አይከፈትም። ስክራይበስ በነጻ የሚገኝ፣ የማተሚያውን አራት ቀለም የሚያውቅና ለኅትመት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ የሚያወጣ ነው። ለመልመድ አንድ ወር ገደማ ፈጅቶብኛል፤ የወርድ ጽሑፍንም እንዳለ አይቀበልልኝም። ማኅበራችን ያለፉትን አራት እትሞች ያወጣው በእርሱ ነው።

ይህ ምርጫ ግን ለሁሉም አይሠራም፤ ወሳኙ ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው ነገር ነው። ፎንቱን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ የሚቀበል ከሆነ እኛ በምን እንደሠራነው አያገባውም፤ ፋይሉን ራሱ ከፍቶ ማረም የሚፈልግ ከሆነ ግን በእጁ ያለው ፕሮግራም የእኛም መሆን ይኖርበታል። የከተማችን ማተሚያ ቤቶች የሚቀበሉትን የፋይል ዓይነት፣ የቀለም አሠራር፣ የፎቶግራፍ ጥራትና ከገጹ ጠርዝ ውጭ የሚፈልጉትን ትርፍ በአንድ ገጽ ጽፈው ለደንበኛ ቢሰጡ፣ ሥራውን ሁለት ጊዜ ከመሥራት እነርሱም እኛም እንድናለን። የጋዜጣችሁ የገጽ ቅንብር ባለሙያዎችም የሚጠቀሙበትን ፕሮግራምና የአማርኛ ፎንት ምክንያቱን ጨምረው በዚሁ ዓምድ ቢያስነብቡን እንጠቀምበታለን።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከሐዋሳ