ከእርዱ ይልቅ ቅጠሉ ላይ ብንሠራ

ክቡር አዘጋጅ፣

የእርድ ቀለም በብርሃን ታግዞ የካንሰር ሕዋስ ወይም ባክቴሪያ ገደለ የሚል ዜና ደጋግመን እናነባለን። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙከራው በአብዛኛው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ መሆኑ ሳይነገር ይቀራል። ከሳህኑ ወደ ሰው ቆዳ ሲሻገር የሚያሰናክለውን ነገር ማሳየትና ለወጣት ተመራማሪዎቻችን የተሻለ የምንለውን መንገድ መጠቆም እንፈልጋለን።

ይህ በቀለምና በብርሃን የሚደረግ ሕክምና (ፎቶዳይናሚክ ሕክምና) ብርሃን የሚውጥ ቀለም፣ ለቀለሙ የሚስማማ ብርሃንና ኦክስጅን ይፈልጋል። ቀለሙ የዋጠውን ጉልበት ለኦክስጅን ሲያቀብለው ኦክስጅኑ በአጠገቡ ያገኘውን ስብና ፕሮቲን ያቃጥላል። እንዲህ የነቃው ኦክስጅን በዚህ ሁኔታ የሚቆየው ቢበዛ ጥቂት ማይክሮሰከንድ በመሆኑ ርቆ አይሄድም። ቀለሙ ሕዋሱ ውስጥ ካልገባ ወይም ካልተጣበቀበት መብራቱ ቢበረታም ትርፍ የለውም።

የእርዱ ቀለም ኩርኩሚን ውኃ ውስጥ አይሟሟም። 3.68 ሚሊግራም ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሚያ 1 ሚሊሊትር ውስጥ ቢሟሟ 10 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ) ይሆናል፤ ከዚህ 1 ማይክሮሊትር በ1 ሚሊሊትር የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ ላይ ሲጨመር 10 ማይክሮሞላር ይገኛል። እስከዚህ ደህና ነው። ይሁንና ሴረም (የደም ውኃማ ክፍል) በሌለበት ፈሳሽ፣ በፒኤች 7.2 እና በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከኩርኩሚኑ 90 በመቶ ያህሉ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይፈርሳል። ቀለሙን ጨምሮ፣ ሁለት ሰዓት ጠብቆ መብራት የሚያበራ ተማሪ የሚያበራው ፍርስራሹ ላይ ነው። በሳይክሎዴክስትሪን፣ በሊፖሶም ወይም በፖሊመር ማይሴል በመሳሰሉ ጥቃቅን ተሸካሚዎች መጠቅለል የመሟሟቱንም የመፍረሱንም ችግር ያቃልላል።

የብርሃኑን ችግር ግን ጥቅል አይፈታውም። ኩርኩሚን አብልጦ የሚውጠው የሞገድ ርዝመቱ 425 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ይህ ብርሃን ደግሞ ቆዳ ውስጥ ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። ለአፍ ውስጥ ባክቴሪያና ለላይ ላይ ቁስል ሊበቃ ይችላል። ለቁንጭር ግን አይሆንም፤ ተውሳኩ የሚኖረው በታችኛው የቆዳ ክፍል ነው። እርድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ደግሞ ቀለሙም ብርሃኑም ያልተለካበት ነገር ነውና ማንም ባይሞክረው እንመክራለን።

ቅጠል የተሻለ ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ቆስጣ ሎሚ ገብቶበት ብዙ ሲበስል አረንጓዴው ወደ ቡኒ የሚለወጠው አሲዱ ከክሎሮፊሉ መካከል ማግኒዥየሙን ስለሚያወጣ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥም ጅምሩ ይኸው ነው፦ ቅጠሉን በደብዛዛ ብርሃን በአሴቶን መጭመቅ፣ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማግኒዥየሙን ማስወጣት፣ በጠንከር ያለ አሲድ ረጅሙን የስብ ጅራት መቁረጥ። የሚገኘው ፊዮፎርባይድ ነው። እሱም በአልካሊ አንዱ ቀለበቱ ሲከፈት ክሎሪን ኢ6 ይሆናል (ውኃ ከሚታከምበት ክሎሪን ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም)። ሦስት የካርቦክሲሊክ አሲድ ጫፎች ስላሉት አልካሊነት ባለው ውኃ ይሟሟል፤ የሚውጠውም 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ ቆዳ ውስጥ ብዙ ሚሊሜትር የሚዘልቀውን ቀይ ብርሃን ነው። በክሎሪን ኢ6 ላይ አስፓርቲክ አሲድ (አንድ አሚኖ አሲድ) ተጨምሮ የተሠራው ታላፖርፊን የተባለ መድኃኒት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ገና ለጀመረ የሳንባ ካንሰር ተፈቅዷል። ታካሚው ከፀሐይ የሚጠለለው ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ፎቶፍሪን በተባለው የቀድሞ መድኃኒት ቢያንስ አንድ ወር ነበር።

አንድ ወጥመድ አለ። በገበያ «ክሎሮፊል» ተብሎ የሚሸጠው አረንጓዴ ጠብታ ብዙውን ጊዜ መዳብ የገባበት ነው። መዳቡ ቀለሙ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን የተዋጠው ጉልበት ለኦክስጅን ሳይደርስ ያመክነዋል። በእሱ ሙከራ የሚጀምር ሰው «ቅጠል አይሠራም» ብሎ ይደመድማል።

መለኪያው ላይም ስሕተት ይበዛል። የነቃውን ኦክስጅን ለመለካት የተለመደው፣ ከዚህ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚደበዝዘው ዲፒቢኤፍ የተባለ ኬሚካል ራሱ 410 ናኖሜትር አካባቢ ስለሚውጥ፣ ለኩርኩሚን የሚበራው ሰማያዊ መብራት ብቻውን ያደበዝዘዋል። ቀለም የሌለበት ናሙና አብሮ ካልበራ ቁጥሩ ያሳስታል። የሕዋስ ሙከራም አራት ምድብ ይፈልጋል፦ ምንም ያልተደረገበት፣ ብርሃን ብቻ፣ ቀለም ብቻ፣ ቀለምና ብርሃን። በጨለማም የሚገድል ቀለም ተራ መርዝ ነው።

ስለ ብርሃኑም «ለ15 ደቂቃ በራ» ማለት አይበቃም። በስኩዌር ሴንቲሜትር 40 ሚሊዋት የሚሰጥ ቀይ መብራት ለቆዳ የተለመደውን በስኩዌር ሴንቲሜትር 37 ጁል (የብርሃን ጉልበት መጠን) ለማድረስ 925 ሰከንድ ይፈጅበታል። ኃይሉን እጥፍ አድርጎ ጊዜውን በግማሽ መቀነስ ያው ውጤት አይሰጥም፤ ብርሃኑ ሲበረታ ኦክስጅኑ ደም ከሚተካው ፈጥኖ ያልቃል።

ጋዜጣችሁም እንዲህ ያለ ግኝት ሲዘግብ ስለ ሞገድ ርዝመቱ፣ ስለ ጁሉና በጨለማ ስለቆየው ምድብ ውጤት ቢጠይቅልን እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የብርሃን ኬሚስትሪ ባለሙያዎች