ልጅ በምግብ እጥረት ብቻ አይቀነጭርም፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የእድገት ሆርሞን የደም ምርመራን ይመለከታል

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በየጊዜው እጄ የሚገባ አንድ ዓይነት የምርመራ ወረቀት ነው ይህን ያስጻፈኝ። ወረቀቱ ላይ «የእድገት ሆርሞን» ተብሎ ብቻ ይታዘዛል። ልጁ በመጣበት ሰዓት አንዴ ደም ይቀዳል፣ ወላጅ ይከፍላል፣ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ቤተሰቡ ይደነግጣል።

ዝቅ ማለቱ ግን ምንም ማለት አይደለም። በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ይህን ሆርሞን የምትለቀው አልፎ አልፎ፣ ይበልጡንም ሌሊት እንቅልፍ ሲጠና ነው። ቀን ላይ በጤነኛ ልጅ ደም ውስጥም እዚህ ግባ የማይባል ሊሆን ይችላል። (የደም ስኳሩ የሚወርድበት ጨቅላ ሕፃን ነገር ሌላ ነው፤ ለእሱ አንዴ የተቀዳ ደምም ይረዳል።) እጥረት መኖሩን ለማወቅ ዕጢውን በመድኃኒት መቀስቀስ ያስፈልጋል። ክሎኒዲን ወይም ግሉካጎን ተሰጥቶ ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ያህል በየ30 ደቂቃው ደም ይቀዳል። ክሎኒዲን የደም ግፊት ያወርዳል፣ ያንቀላፋል፤ ግሉካጎን ያስታውካል። ስለዚህ አልጋ፣ ነርስና ሐኪም ባሉበት እንጂ በመስኮት በኩል የሚሠራ ምርመራ አይደለም።

አይ.ጂ.ኤፍ. 1 የሚባለው፣ በእድገት ሆርሞን ትእዛዝ በተለይ ጉበት የሚያመርተው ንጥረ ነገር በቀን ውስጥ ብዙ ስለማይዋዥቅ ለመነሻ ይሻላል። ሆኖም ሪኤጀንቱን (የመመርመሪያ ኬሚካሉን) ገዝቶ ማከፋፈል ብቻውን ሌላ ስህተት ይወልዳል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ዕጢው ጤነኛ ሆኖም አይ.ጂ.ኤፍ. 1 ይወርድበታል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው በቀነጨሩባት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውጤቱም በልጁ ዕድሜና ፆታ ካልተመዘነ ዋጋ የለውም።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን ለማስቀረት መነሣቱን አደንቃለሁ። ግን ከወንድሞቹ ጋር እኩል እየበላ ታናሹ በቁመት የበለጠው የ8 ዓመት ልጅ ሲመጣም መልሳችን «በደንብ አብሉት፣ ይረዝማል» ነው። አጥንቱ የሚያድግባቸው ጫፎች ከተዘጉ በኋላ ደግሞ የሚያረዝመው መድኃኒት የለም።

«የእድገት ሆርሞን መርፌው ውድ ነው፣ በየቀኑ ለዓመታት የሚወጋ ነው፤ ታዲያ ምርመራው ምን ይፈይዳል?» የሚሉ አሉ። ቁመቱ የቀረ ልጅ በአግባቡ ሲመረመር አንዳንዱ ላይ የሚገኘው የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ነው፤ እሱ በርካሽ ክኒን ይታከማል። ሴት ልጅ ላይ ተርነር ሲንድረም የሚባለው የክሮሞዞም ጉድለት ሊገኝ ይችላል። አንዳንዱ ላይ ፒቱታሪን የሚጫን እባጭ (ቲዩመር) አለ፤ ይህን ሳያዩ ማለፍ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

የምጠይቀው ይህን ነው። የልጆች ቁመት በትምህርት ቤትም በየዓመቱ ተለክቶ ይመዝገብ። የመቀስቀሻ ምርመራውን የሚሠሩ ጥቂት ሪፈራል ሆስፒታሎች ተለይተው ሪኤጀንቱ ሳይቆራረጥ ይቅረብላቸው። የኤች.አይ.ቪ.ና የቲቢ ናሙና የሚያመላልሰው የፖስታ መስመር የአይ.ጂ.ኤፍ. 1 ናሙናንም በቅዝቃዜ ይዞ ሊያደርስ ይችላል። ጎልማሶችም አይረሱ። ቀለበቱ የጠበበው፣ የጫማው ቁጥር በየጊዜው የሚጨምረው፣ መንጋጋው የገፋ ሰው የስኳርና የግፊት መድኃኒት ብቻ ተሰጥቶት ይሸኛል። አይ.ጂ.ኤፍ. 1 ከፍ ካለበት 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቶ የእድገት ሆርሞኑ መውረድ አለመውረዱ ቢታይ አክሮሜጋሊ፣ ማለትም የእድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ የሚመነጭበት በሽታ፣ ሊገኝበት ይችላል።

መሣሪያውም ሪኤጀንቱም በጀት ይጠብቃሉ፤ ይገባኛል። ከጨቅላ ሕፃናት በስተቀር አንዴ በተቀዳ ደም የእድገት ሆርሞን እጥረትን መመርመር እንዲቆም፣ ከመቀስቀሻ ምርመራውም በፊት የታይሮይድ ምርመራና የአጥንት ዕድሜን የሚያሳየው የግራ እጅ ራጅ እንዲቀድም የሚያዝ መመሪያ ማውጣት ግን ምንም ግዢ አይፈልግም። ለመንግሥትም ለግልም ላቦራቶሪዎች በዚህ ዓመት እንዲደርስ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ