ሐሙስ ጠዋት ፈተና አለብኝ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ሁለት ዓመት ከምናምን ዝም ብሎ ከርሞ «ከናፍቆትህ በስተቀር» ማለት ግን ያሳፍራል። ስለዚህ ከሐፍረቱ ልጀምር።

ኔትወርክ የጠፋበትን ጊዜ አንተም ታውቀዋለህ፣ እሱን ሰበብ አላደርገውም። ከተመለሰ በኋላ ሦስቴ ደውለህልኛል። ሦስቴም ስልኩ እጄ ላይ ሆኖ ሲጮህ ዝም ብዬ አየሁት። አፌን የያዘኝ ያ 12,000 ብር ነው፤ ለባጃጁ ሞተር ያበደርከኝ። ሞተሩ ተሠራ፣ አራት ወር ሄደ፣ ከዚያ ተመልሶ ጭስ በጭስ ሆነ። ብሩ ሳይኖረኝ ምን ብዬ «ሃሎ» ልበልህ? ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሆነ። ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከብሩ ይልቅ ዝምታው ከበደኝ።

እናትህ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? የእኔዋ ደኅና ናት። አንተን በጠየቀችኝ ቁጥር «ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሻል» እያልኩ ስዋሽ ነው የከረምኩት።

አሁን የምጽፍልህ ብሩ ሞልቶልኝ አይደለም። ባጃጁን ሸጬ ሥራ ስለገባሁ ነው። ዕቃ አድራሽ ሆኛለሁ፣ እንዳትስቅ። የሳሙና ካርቶን፣ ዘይት፣ ሰው በስልክ ያዘዘው ጫማና ልብስ እየጫንን በየሱቁና በየቤቱ እናደርሳለን። መኪናዋ ሃይሩፍ ቶዮታ ናት፤ ከሹፌሩ ጀርባ መስኮት የሌላት፣ የዕቃ። ለጊዜው የምሠራው በረዳትነት ነው። መሪው የሚሰጠኝ የመሥሪያ ቤቱን የመንዳት ፈተና ካለፍኩ ነው። ፈተናው ሐሙስ ጠዋት ነው።

መጀመሪያ ሲነግሩኝ ተናድጄ ነበር። ሰባት ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ። መንጃ ፈቃዴንም ወደ ጭነት መኪናው፣ ወደ ደረቅ አንድ፣ ካሳደግኩ ዓመት አልፎኛል። ይህን ስላቸው ኃላፊዋ ምን አለችኝ መሰለህ? «መንጃ ፈቃዱን የሰጠህ መንግሥት ነው፣ መኪናው ግን የእኛ ነው።» መልስ አጣሁ።

ፈታኙ ድሮ ከባድ መኪና ይነዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማታ ማታ ዕቃው ካለቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያለማምዱኛል። የመጀመሪያው ቀን ውርደቴን ልንገርህ። ባጃጅ ላይ ፍሪሲዮኑ ግራ እጅህ ላይ ነው፣ ማርሹም እዚያው እጀታው ላይ ይጠመዘዛል። መስቀለኛ ላይ ልቆም ፍሬን ስረግጥ እግሬ ፍሪሲዮኑን ረሳው፣ ግራ እጄ ደግሞ መሪውን ጭምቅ አደረገው። መሪ ቢጨመቅ ምን ይሆናል? መኪናዋ ተንዘፈዘፈችና ጠፋች። ከኋላዬ የነበረው ባጃጅ ክላክሱን ለቀቀብኝ። በእኔ ላይ! ባጃጅ!

ጋሼ አልተቆጡም። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ በኩል ትነዳ እንደነበር አጫወቱኝ። አባታቸውም ሹፌር ነበሩ። ወደ ቀኝ የተዞረ ሰሞን አባትየው ባዶ መንገድ ላይ እንኳ ለብቻቸው «ቀኝ፣ ቀኝ» እያሉ ይነዱ ነበር አሉ። ግራ እጄን አይተው ይመስለኛል ይህን ያነሱት። እኔም አሁን «እግር፣ እግር» እያልኩ ነው የምነዳው።

ፈተናው የሚጀምረው ቁልፍ ሳይነካ ነው። መኪናዋን ዞረህ ታያለህ። ከሥር የፈሰሰ ዘይት እንዳለ፣ መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ የፍሬን ዘይቱ፣ ውሃው፣ ስኮርታው፣ የኋላ በሩ መቆለፊያ። እንደ ለመድኩት ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩና አለፍኩ። ጋሼ መልሰው ጠሩኝ። «ምን አለህ ጎማው?» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የቀኙ የኋላ ጎማ ጥርሱ መሐል ሚስማር ገብቶ ነበር። ጎሚስታው ሲነቅለው የጣቴን ግማሽ ያህላል።

ከዚያ ስፖኪዮ። የመሐሉ መስታወት እዚህ ጌጥ ነው፣ ካርቶን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ጋሼ አንዱን ልጅ ከነብስክሌቱ በቀኝ ጎኔ አቆሙትና «ይታይሃል?» አሉኝ። የግራውን አየሁ፣ የቀኙን አየሁ፣ ምንም የለም። አንገቴን ሳዞር ልጁ በመስኮቱ በኩል እየሳቀብኝ ነው። ክንድ ብሰድ እነካዋለሁ። የባሕር ዳርን ብስክሌት ታውቀዋለህ። ስንቱን እንዲህ ሳላየው አልፌዋለሁ? ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌላው ነገራቸው ጠርሙስ ነው። አንድ ሳጥን ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ኋላ ላይ ያስቀምጡና እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። ፍሬን በድንገት ስረግጥ ጠርሙሱ ይንጫጫል፣ አደባባይ ላይ ስፈጥን ይንጫጫል። በተንጫጫ ቁጥር ጋሼ ጣታቸውን ያጥፋሉ። መጀመሪያ ቀን የሁለቱም እጃቸው ጣት አልቆ እንደገና ጀመሩ። ትናንት አራት ደርሻለሁ። ዘዴው ሌላ አይደለም፣ ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ ማለት ነው። ባጃጅ ላይ ክፍተት ካየሁ መግባት ነበር ሥራዬ። አሁን ክፍተቱን ትቼ መሄድ አለብኝ፤ ትቼው ስሄድ ደግሞ ባጃጅ ይገባበታል። ያቃጥላል፣ ግን ምን ይደረጋል፣ እኔም ስሠራው የኖርኩት ነው።

አዲሱን የአባይ ድልድይ አይተኸዋል? 2016 ላይ የተመረቀውን? 380 ሜትር ነው፣ ስፋቱም አይጣል ነው፣ እግርህን ያስረሳሃል። ጋሼ ሆን ብለው በዚያ ነው የሚወስዱኝ። «ድልድዩ አይደለም የሚጥልህ፣ መውጫው ነው» ይላሉ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ስልክ ነው። ደንበኛ አሥር ጊዜ ይደውላል፣ «የት ደረስክ? ከሱቁ ወረድ ብለህ አረንጓዴ በር» ይላል። ባሕር ዳር ላይ አረንጓዴ በር ስንት እንደሆነ አንተ ቁጠረው። ታዲያ በፈተናው መሐል ጋሼ ሰው ያስደውሉብሃል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ሁሉን ነገር አሳምሮ ነድቶ ሽምብጥ ጋ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ላንሳው እንኳ አላለም፣ ዝቅ ብሎ ማን እንደሆነ አየ። ወደቀ። ጋሼ በኋላ ሒሳቡን ሠርተው አሳዩን። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄድክ በሰከንድ 11 ሜትር ታልፋለህ፤ ሦስት ሰከንድ ስልክ ካየህ 33 ሜትር በጭፍን ሄደሃል። ዕቃ የምናወርድበት ግቢ ርዝመቱ ሠላሳ ሜትር አይሞላም። በእግሬ ለካሁት።

አንድ ጥፋትም አለብኝ። ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ስገባ አንዱ ጫኝ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና!» ይለኛል። እሱን አምኜ መጣሁ። «ና! ና!» ካለ በኋላ «ቁም» ያለኝ ከግንቡ ጋር ከተሳሳምን ወዲያ ነው። የኋላ መብራቱ ረገፈ። ከደመወዝህ ይቆረጣል ብለውኛል። ልጁን ልቆጣው ስል ጋሼ ከለከሉኝ፣ «መሪው በማን እጅ ነበር?» ብለው። አሁን ካላየሁ ወርጄ አያለሁ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ ጫኞቹ ያሾፉብኛል፣ ያሹፉ።

የቀረኝ ዳገት ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ዳገት ፍለጋ ወደ ቤዛዊት መውጣት አለብን። እዚያ ያቆሙኝና ሙሉ ጭነት እያለ ተነሣ ይሉኛል። ወደ ኋላ አንድ ክንድ ያህል ትንሸራተትብኛለች። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን ዜሮ ላደርግ እጄን ስሰድ ጋሼ እጄን ያዙት። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» አሉኝ።

አንተ ትዝ አልከኝ። ያኔ ጤፍ ጭነህ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አብሬህ የሄድኩ ጊዜ፣ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ይህችኑ ቃል ነበር ያልከኝ። እኔ እንቅልፌን እየጨረስኩ «እሺ» ብዬሃለሁ። ከፊታችን አንድ መኪና ፍሬኑ ግሎ ዳር ይዞ ቆሞ ነበር። የተቃጠለው የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢናው ድረስ ሲገባ ነው የነቃሁት። አንተ ያን ሁሉ ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን አለፍ አለፍ እያልክ እየነካህ፣ ሳትቸኩል አወረድከው። «አንተ ሰውዬ፣ በእግር ብንወርድ እንቀድምሃለን» ብዬ አሹፌብህ ነበር። ጋሼ ሲናገሩ ያ ሽታ መጣብኝ። ቤት ገብቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

እንግዲህ ልጠይቅህ። ጭነህ ዳገት ላይ ቆመህ ስትነሣ የእጅ ፍሬኑን የምትለቀው መቼ ነው? ፍሪሲዮኑ ሲይዝ ይሰማሃል ወይስ ዝም ብለህ ታውቀዋለህ? ጋሼ «መኪናዋ አፍንጫዋን ቀና ስታደርግ» ይላሉ። እኔ እስካሁን አፍንጫዋን አላገኘሁትም።

ብሩን በተመለከተ፣ ከመጀመሪያው ደመወዜ ጀምሮ በየወሩ 3,000 በቴሌብር እልካለሁ፣ በአራት ወር ያልቃል። የመብራቱ ቅጣት ካለ የመጀመሪያዋ ትንሽ ልትጎድል ትችላለች። «ተወው» እንዳትለኝ። ተወው ካልከኝ ተመልሼ እደበቃለሁ።

ረቡዕ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ደውልልኝ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ግን እንዳትደውል፤ ጋሼ ያስደወሉብኝ መስሎኝ አላነሳም።

ያንተው ባለ ባጃጅ (የነበረው)